ፊደልና የቅጽበት መልእክት

የቅጽበት መልእክት የሚባለው፣ ላኪው ጽፎ እንደጨረሰ፣ በአንዳንድ ሥርዓቶችም ገና እየጻፈ ሳለ፣ ተቀባዩ አንብቦ ሊመልስለት የሚችል የጽሑፍ ልውውጥ ነው። ዕድሜው ብዙዎች ከሚገምቱት ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕላቶ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተሠራው ቶኮማቲክ፣ እስከ አምስት ሰዎችን በአንድ ገጽ አገናኝቶ የእያንዳንዳቸውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ያሳይ ነበር፤ በ1988 ደግሞ ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ ብዙ ሰው በአንድ መድረክ የሚወያይበትን አይአርሲን ሠራ። እነዚህ ሁሉ የተበጁት ለላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ለአማርኛ ጸሐፊ የታሪኩ ዋና ጥያቄ ከመስመሩ ፍጥነት ይልቅ በመስመሩ ላይ የሚሄደው ፊደል ነበር።

ችግሩ ጎልቶ የታየው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ሲሆን፣ ባይት ማለት የስምንት ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሆኑ የስምንት ምልክቶች ጥቅል ነው፤ የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚወከል 160 ያህል ይገባበታል፣ የግዕዝ ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚወስድ ከ70 አያልፍም። አማርኛ ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ፊደል ስለሚያዋህድ ጉዳቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ይሁን እንጂ ከመንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ፣ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ የለቅሶ ዝርዝር የሚልክ ሰው መልእክቱ ለሁለት ሊከፈልበት፣ የተቀባዩ ስልክ ፊደሉን ካላወቀም በባዶ ሳጥኖች ተሞልቶ ሊደርስ ይችል ነበር። ስለዚህ ብዙዎች አማርኛን በላቲን መጻፍ ለመዱ፤ በዚያ አጻጻፍ «ጠራ» እና «ተራ» አይለዩም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት ይህን ልዩነት በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል ለመጠበቅ የሞከረ፣ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው በ1999 ነው፤ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን አካተተ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዋትስአፕ (2009) እና ቴሌግራም (2013) ይህን ቁጥር ስለሚጠቀሙ ፊደሉን በራሱ መልክ ያደርሱታል። መልእክቱም ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይሄድም፤ ሰርቨር በሚባል ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ያርፋል፣ የተቀባዩ መስመር ቢቋረጥ እስኪመለስ ይጠብቀዋል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ አገር የዚህ ጥቅም ከፍጥነቱ አያንስም።

አንድን ሰነድ በአንድ ጊዜ አብሮ መጻፍ ከዚህ ይከብዳል። የአንድ ዕድር አባላት መተዳደሪያ ደንባቸውን ሲያርሙ፣ ሞላሌ ያለው በመጀመሪያው መስመር አንድ ቃል ቢጨምር፣ አዲስ አበባ ያለው ሊሰርዝ የነበረው ቃል ቦታው ይገፋል፤ ኤሊስና ጊብስ የተባሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች በ1989 ያቀረቡት ዘዴ እያንዳንዱን እርማት ከሌላው ጋር አመዛዝኖ ቦታውን በማስተካከል ትክክለኛው ቃል እንዲሰረዝ ያደርጋል።