የዲሻችሁ ሥዕል ሲቆራረጥ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሳተላይት ዲሽ ነው።

ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዜና ያያል። ድንገት ሥዕሉ ይቆማል፤ ይቆራረጣል፤ ከዚያም ይጠፋል። በማግስቱ አባወራው ገበያ ሄዶ አዲስ ሪሲቨር ይገዛል። ለልጆች ደብተር የተቀመጠው ገንዘብ ወጣ። አዲሱ ሪሲቨር ሲገጠምም ሥዕሉ ያው ነው። ለምን? ችግሩ ድሮም ሪሲቨሩ ላይ አልነበረማ! እንግዲያው ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግ።

ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዚያ የሚመጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው። ዲሹ ሰብስቦ ፊት ለፊቱ ላለው ኤል ኤን ቢ ይሰጠዋል። ከአሸንዳ የሚወርድ ውሃ በባልዲ ስትቀበሉ አስቡ። ባልዲው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ውሃው ውጭ ይፈሳል። ዲሽም እንዲሁ ነው። ነፋስ በጥቂት ዲግሪ ካዞረው ሥዕሉ ይጠፋል።

በሪሲቨሩ ላይ ሁለት መለኪያ አለ። አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራት ይባላል። ጎርፍ ብዙ ነው፤ ግን አይጠጣም። ጥንካሬም ብቻውን እንደዚያ ነው። ዲሹ ሳተላይቷን ሳያገኝ እንኳ ጥንካሬው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። እናንተ ጥራቱን ተመልከቱ።

አሁን በተራ እንመርምር።

አንደኛ፣ ሰማዩን እዩ። ኃይለኛ ዝናብ ሲግናልን ያደክማል። ዝናቡ ሲያባራ በራሱ ይመለሳል። በዝናብ ጊዜ ዲሹን አትነካኩ።

ሁለተኛ፣ ዛፍ እዩ። ዲሹ ሲተከል ችግኝ የነበረው ባሕር ዛፍ ዛሬ አድጎ ጋርዶት ይሆናል። ናይልሳት የምትገኘው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ፀሐይ መግቢያ ያለው ሰማይ ክፍት መሆን አለበት። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላለች ሳተላይት ግን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ነው።

ሦስተኛ፣ ገመዱን እዩ። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከመብራት ንቀሉ። በገመዱ ጫፍ ውሃ ገብቶ የመካከሉ ሽቦ ዝጎ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደገና አስሩ። ዙሪያውን ያለው ቀጭን ሽቦ የመካከሉን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የኤል ኤን ቢው ክዳን ተሰንጥቆ እንደሆነም እዩ።

አራተኛ፣ ምሰሶውንና ቡሎኖቹን እዩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ምሰሶው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቡሎን ከማላላታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አንድ ሰው ዲሹን ይያዝ፤ ሌላው ጥራቱን እያየ ይጣራ። ጣት በማይሞላ እርምጃ አንቀሳቅሱ። ከዚያ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ሪሲቨሩ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ጥራቱ ጨምሮ፣ ጨምሮ መቀነስ ሲጀምር ወደ ኋላ መልሱት። ከፍ ባለበት ቦታ ቡሎኖቹን በየተራ፣ ቀስ በቀስ አጥብቁ።

አምስተኛ፣ ግማሹ ጣቢያ እየታየ ግማሹ ከጠፋ ኤል ኤን ቢውን በመያዣው ውስጥ ጥቂት አሽከርክሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ የጎረቤት ሪሲቨር ተውሳችሁ ሞክሩ። በጎረቤት ሪሲቨር ከሠራ፣ ያን ጊዜ የእናንተው መበላሸቱን ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር አደራ! እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል። መብረቅ ባለበት ሰዓት፣ በጨለማ፣ ወይም የመብራት ሽቦ አጠገብ ካለ ጣሪያ ላይ አትውጡ። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። ዜናው ነገም ይደገማል፤ የሰው ሕይወት ግን አይደገምም።

እስቲ እነዚህን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።
1. ጥንካሬና ጥራት በምን ይለያያሉ?
2. ዝናብ ሲዘንብ ዲሽ የማንነካው ለምንድን ነው?
3. ሪሲቨር ከመግዛታችን በፊት ምን ምን እንመረምራለን?

መልሱን ለጎረቤታችሁም ንገሩ። ደኅና ሁኑ።