ኮሶ በውስጡ ምን ይዟል?



ኩልመስክንና የላስታን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ኮሶ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን የሴቴዋን ዛፍ አበባ አድርቀውና ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። ዛሬም የሚጠጣው አልጠፋም።

ለመሆኑ ትሉን የሚያስወጣው ምኑ ነው? ምሬቱ ይመስለናል፤ ምሬቱ ግን አይደለም። ኬሚስቶች አበባውን ሲመረምሩ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን አግኝተውበታል። ኮሶቶክሲን የትሉን ጡንቻ ያደነዝዘዋል። የደነዘዘው ትል የያዘውን አንጀት ይለቅና ከተቅማጡ ጋር ይወጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን መድኃኒት በኢስታንቡል ተመልክቶ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም አበባውን ከአገራችን እያስመጡ ይሸጡት ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንደሚያወርድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ሱብሐነላህ!

ነገር ግን ትሉን የሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር ሰውንም አይምርም። ኮሶ የጠጣ ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። መጠኑ ሲበዛ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ በዚህ ሳቢያ ዓይናቸው የታወረ ሰዎች በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግበዋል። ነፍሰ ጡርንም ሊያስወርዳት ይችላል። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው በኃይል ይለያል፤ የአንዱ ሰው እፍኝም ከሌላው እፍኝ ይለያል። ታዲያ ልኩን ማን ያውቃል? ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ በግምት የሚበጠብጥ ሁሉ ይህን ያስብ።

ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉ መጠናቸው የታወቀ መድኃኒቶች አሉ። ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይሻላል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች እኅታችንም መጀመሪያ እርግዝናዋን ለባለሙያው ትንገር። ኮሶ ጠጥቶ ዓይኑ የፈዘዘበት ሰው ሳያፍር፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የጠጣውንም አይደብቅ።

አንድ ነገር እንጨምር። በቢስሚላህ የታረደ ሥጋ ሐላል ነው፤ ሐላልነቱ ግን በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል ሽል አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሣሩ ጋር ወደ ከብቱ ሆድ ይገባል፤ ጥሬ ሥጋ ስንበላ ደግሞ ወደ እኛ ይመለሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሰው መንገድና ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ቆፍረን ሥጋውን አብስለን ከበላን፣ ኮሶውንም ኪኒኑንም ሳንሻ እንኖራለን።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።