የካማሮው የኋላ አክሰል፦ ዋጋው በብረቱ ነው ወይስ በቀኑ?

በአሜሪካ የአሮጌ መኪኖች ገበያ አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው የማስረጃነቱ ዋጋ ነው። ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች መካከል የ1969 ሞዴል ሼቭሮሌት ካማሮ የኋላ አክሰል ይገኝበታል።

ካማሮ ጄኔራል ሞተርስ ከፎርድ ሙስታንግ ጋር እንዲወዳደርለት እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ያቀረበው መኪና ነው። በ1969 ሞዴል ከ240 ሺህ በላይ የተመረተ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ባለ 302 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩ ዜድ 28 የተሰኘው ዓይነት 20,302 ብቻ ነበር። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በዚህኛው ነው። ችግሩ የዚያ ዘመን የሻንሲ ቁጥር መኪናው ባለ 6 ወይስ ባለ 8 ሲሊንደር መሆኑን እንጂ ዜድ 28 መሆን አለመሆኑን አይናገርም። በመሆኑም ተራውን ባለ 8 ሲሊንደር ካማሮ ዜድ 28 አስመስሎ መሸጥ አጓጊ ትርፍ አለው። ገዢው ያለው አማራጭ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው ላይ የሻንሲው ቁጥር በከፊል ተመትቶ ስለሚገኝ ማመሳከር ይቻላል። አክሰሉ ግን እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለውም። ማንነቱ የሚታወቀው በቅርጹ፣ በኮዱና በተሠራበት ቀን ብቻ ነው።

ከብሎን ቆጠራ እስከ ቀን ቆጠራ

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። የዲፈረንሻሉን የኋላ ክዳን የያዙት ብሎኖች ይቆጠራሉ። ተራው ካማሮ ባለ 10 ብሎን አክሰል ሲኖረው፣ ዜድ 28 የሚጠበቅበት ባለ 12 ብሎኑ ነው። ኮሮና የሚባለው ትልቁ ክብ ጥርስ በመጀመሪያው 8.2 ኢንች፣ በሁለተኛው 8.875 ኢንች ስፋት አለው። ይሁን እንጂ 12 ብሎን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ሼቭሮሌት ለጭነት መኪኖቹም ባለ 12 ብሎን አክሰል ሠርቷል፤ የዚያኛው ፒኞን ዘንግ ቀጠን ያለ ነው። የሼቬል አክሰል ደግሞ በሞላ ላይ የሚቀመጥ በመሆኑ ከላይ የማያያዣ ጆሮዎች አሉት። ካማሮ የሚቀመጠው በባሌስትራ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የጥርስ ቁጥር ነው። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 11 ጥርስ ካላቸው ውጤቱ 3.73 ይሆናል፤ የዜድ 28 መደበኛ ልክም ይኸው ነው። ነገር ግን ጥርስ በቀላሉ የሚለወጥ ዕቃ ስለሆነ ይህም የመጨረሻ ቃል አይሆንም።

ዋናው ምርመራ የቀን ነው። በዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ብረቱ የቀለጠበት ቀን ጎላ ብሎ ይገኛል። የመጀመሪያው ፊደል ወሩን፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ዕለቱን፣ የመጨረሻው አኃዝ ዓመቱን ይገልጻሉ። “ሲ 12 9” ማለት ማርች 12 ቀን 1969 ነው። በቀኝ በኩል ባለው የአክሰል ቱቦ ላይ ደግሞ የአክሰሉ ዓይነት ኮድ፣ የተገጣጠመበት ወርና ዕለት፣ የፋብሪካውም ምልክት ተመትተዋል። እዚህ ላይ ዓመቱ አይጻፍም። የ1969 ሞዴል ምርት ከ1968 መኸር እስከ 1969 መኸር በመዝለቁ፣ “ኦክቶበር” የሚል ምልክት የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚለየው በብረቱ ቀን ነው። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ብረቱ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ አክሰሉ ይገጣጠማል፣ በመጨረሻ መኪናው ይሠራል። አክሰሉ ከመኪናው በኋላ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ክርክሩ ያበቃል።

ሻጭ የሚያውቀው፣ ገዢ የማያውቀው

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ምሳሌ ያደረጉት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ነበር። ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢ የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ሁሉንም ዕቃ በጥርጣሬ ዋጋ ይገምታል፤ በዚህም ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይሸሻል። ይህ ሥራቸው በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው መካከል ነው። የአክሰል ቀን ማንበብ የሚጠቅመው ይህንን የመረጃ ክፍተት ስለሚያጠብ ነው።

ክፍተቱ ግን ፈጽሞ አይዘጋም። በቱቦው ላይ ያለውን ምልክት ሞርዶ ሌላ መምታት ይቻላል። የተሞረደ ገጽታ ወይም ከአካባቢው ዝገት ጋር የማይመሳሰል ንጹሕ ቦታ ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት ነው። ከብረቱ ጋር የቀለጠውን ቀን ማስመሰል ከዚህ ይከብዳል። ከሁሉም የተሻለው ማስረጃ ከዋስትና ደብተሩ ጋር ለመጀመሪያው ባለቤት ይሰጥ የነበረው፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የአክሰል ኮዶች የታተሙበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው። እርሱም ቢሆን ይጭበረበራል።

ለመንዳት ብቻ መኪና ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም። ሞዘርን የመሳሰሉ ኩባንያዎች አዲስ ባለ 12 ብሎን አክሰል እየሠሩ ይሸጣሉ፤ ጉልበተኛ ሞተርንም ይችላል። አሮጌው ብረት ከዚህ በላይ ዋጋ የሚያወጣው በጥንካሬው አይደለም።

ስለዚህ በስምምነቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል ገንዘብ ነው። “ቀኑ ከመኪናው ጋር የሚስማማ” እና “ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ” ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን በብረቱ ላይ በማንበብ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለተኛው ግን ሰነድ ይጠይቃል። ሰነድ ሳያሳይ የሁለተኛውን ዋጋ ለሚጠይቅ ሻጭ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ማቅረብ ተገቢ የንግድ መልስ ነው።