ለሞተር ብስክሌት ነጂ ስለሚገባው ሱሪ

በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች የመንግሥት ሠራተኛ ከገበሬው ደጅ ለመድረስ ቀድሞ በበቅሎና በፈረስ ይሄድ ነበር። ዛሬ የግብርና ባለሙያውም፥ የከብት ሐኪሙም፥ ላም የሚያዳቅለውም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ ለሠራተኛው ሲሰጥ ስለ ነዳጁና ስለ ጎማው ይታሰባል፤ ትጉህ ሹም እንደ ሆነ ስለ ራስ ቁሩም ያስባል። ስለ ሱሪው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ሠራተኛውም በቢሮ በሚቀመጥበት ቀጭን ሱሪ ተነሥቶ ይሄዳል። ነገር ግን ሞተር ብስክሌት ሲወድቅ አዘውትሮ የሚጎዳው የነጂው እግር ነው።

ጉዳቱም በሠራተኛው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለምሳሌ ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ እንደ ገና እስክትፈልግ 21 ቀን ያህል መጠበቅ ግድ ይሆናል። አዳቃዩ ጉልበቱ ተሰብሮ ሦስት ወር ቢተኛ፥ በወረዳው ላሞች ላይ ስንት ጊዜ በከንቱ እንዳለፈ ባለ ከብቶቹ ራሳቸው ይቈጥሩታል። ዋግ የገባበትና መርማሪ ያጣ የስንዴ ማሳም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአገሩ መንገድ ሁለት ዐይነት መሆኑ የሱሪውን ምርጫ ያከብደዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚደርሰው፥ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮና ወደ ነቀምት የሚወርደው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ከአምቦ ማልዶ የሚነሣ ሠራተኛ በዚህ አስፋልት ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ይሄድና ወደ ቀበሌው ሲታጠፍ ድንጋይ፥ ቦይና ጭቃ ይቀበለዋል። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ከጎማ ላይ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ፥ በበጋም ተሰነጣጥቆ ጎማ የሚይዝ መሆኑን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በአስፋልት የወደቀ ሰው ይንሸራተታል፤ መንገዱም አስቀድሞ ልብሱን፥ ቀጥሎም ቆዳውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በገጠር መንገድ የወደቀ ሰው ግን ብዙ አይንሸራተትም፤ ጉልበቱ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፥ ወይም ሞተሩ በእግሩ ላይ ይወድቅበታል። ስለዚህ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበቃም። ለጭቃ ውድድር የተሠራው ሱሪ ቀላልና ነፋስ የሚያስገባ ነው፤ በአስፋልት ላይ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ለአስፋልት ውድድር የተሠራው የቆዳ ሱሪ ፍቀትን እጅግ ይችላል፤ ዳሩ ግን ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፥ ቶሎም አይደርቅም፥ ሞተሩን አቁሞ አንድ ሰዓት በእግር ወደ ማሳ ለሚወጣ ሰውም ጭንቅ ነው። የደጋው በጋችን ሌጦ በውጭ አገር የተመሰገነ ነውና ለሱሪም ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ እርሱ የተመሰገነው ለእጅ ጓንት ነው እንጂ ከአስፋልት የሚያስጥለው ወፍራም የከብት ቆዳ ነው።

ለሁለቱም መንገድ የሚያገለግለው ኮርዱራ እንደሚባለው ካለ ወፍራም የናይለን ጨርቅ የተሰፋው፥ በመቀመጫው፥ በዳሌውና በጉልበቱ ላይ የተደረበው፥ በጉልበቱና በዳሌው ውስጥም መከታ ያለበት ሱሪ ነው። ተራ ጂንስ ብርቱ ይመስላል፤ አስፋልት ሲፍቀው ግን አንድ ሰከንድ እንኳ አይቈይም። ከውስጥ ኬቭላር በመሰለ ክር የተደገፈው ጂንስ ለከተማ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥጥ ውኃ ስለሚይዝ ለክረምት የገጠር ሥራ አይመረጥም።

የጨርቁን ብርታት በዐይን ማወቅ አይቻልምና በሱሪው ውስጥ የተሰፋውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኢኤን 17092 የተባለው ደንብ የነጂን ልብስ በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል። ሦስት ኤ የተጻፈበት ከሁሉ የበረታ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከባድና ሞቃት ይሆናል። ሁለት ኤ ከእርሱ ይቀልላል፤ የጉልበትም የዳሌም መከታ እንዲኖረው ግዴታ አለበት። በአንድ ኤ የዳሌው መከታ ግዴታ አይደለም፤ ቢ መከታ የለውም፤ ሲ ደግሞ መከታ ለመያዝ ብቻ የተሠራ እንጂ ፍቀትን ለመቋቋም አይደለም። ለምዕራብ ሸዋ ሠራተኛ የሚገባው ሁለት ኤ ነው። መከታውም ራሱ ኢኤን 1621 የሚል ምልክትና የደረጃ ቍጥር አለው፤ በፈተናው ጊዜ አንደኛው ደረጃ በአማካይ እስከ 35 ኪሎ ኒውተን፥ ሁለተኛው ደረጃ እስከ 20 ኪሎ ኒውተን ድረስ ብቻ ወደ አካል እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። ድንጋይ በበዛበት መንገድ ጉልበት ላይ ሁለተኛው ደረጃ እንዲሆን ይገባል። ምልክቱ የሌለበት ስፖንጅ፥ ሻጩ ምንም ቢያመሰግነው፥ ስፖንጅ ነው።

ከጨርቁ የማያንሰው ጉዳይ ልኩ ነው። ቀድሞ ፈረስ ሲቀመጡ ይለበስ የነበረው ተፈሪ ሱሪ ከጭኑ ሰፊ፥ ከጉልበቱ በታች ጠባብ ነበር፤ ባትንም ገምባሌ ይጠብቀው ነበር። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ተቀምጦ ጉልበቱን የሚያጥፍ ሰው ከጭኑ ስፋት፥ ከታች ግን መጠበቅ ያስፈልገዋል። የሞተሩም ሱሪ በዚሁ ዐይን ይመረመር። ቆሞ ለክቶ መግዛት ስሕተት ነው፤ ነጂው በሞተሩ ላይ ተቀምጦ፥ ደግሞም በመርገጫው ላይ ቆሞ ይለካው። ሲቀመጥ መከታው የጉልበቱን ሎሚ ሸፍኖ ጥቂት ወደ ቅልጥሙ መውረድ አለበት። በእጅ ይዘው ሲያዞሩት ወደ ጎን የሚሸሽ መከታ በመውደቂያው ሰዓት በስፍራው አይገኝም። የታችኛው ጫፍ ቢንዘረፈፍ ሰንሰለቱ ይይዘዋል፤ በጢስ ማውጫው በኩል ያለው የውስጥ ባት ደግሞ ቆዳ ቢደረብበት ይሻላል፥ ናይለን በጋለ ብረት ላይ ይቀልጣልና።

ስለ ዝናብ የሚሸጠው ሱሪ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ውኃ የማያስገባ ገበር በውስጡ አለው፤ ሁለተኛው ገበር የሌለው ሆኖ በላዩ ሌላ ቀጭን የዝናብ ሱሪ ይደረብበታል። ገበሩ ከውስጥ ሲሆን የላይኛው ጨርቅ ውኃና ጭቃ ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚደረበው ይመረጣል። የአገሩም ከፍታ ይህንኑ ያጸናል፤ ሆለታ 2,400 ሜትር፥ አምቦ 2,100 ሜትር፥ ባኮ 1,650 ሜትር ያህል ከባሕር በላይ ስለ ሆኑ፥ ማለዳ በሆለታ ብርድ የተነሣ ሰው ባኮ ሲደርስ በጭኑ ላይ ያለውን የነፋስ ዚፕ ሊከፍት ይፈልጋል። ጫማው ረጅም ሲሆን ሱሪው በዝናብ ጊዜ ከጫማው ላይ ይውረድ፤ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ጫማው እንደ ገንቦ ይሞላል።

የወረዳው ግዥ ክፍል ጨረታ ሲያወጣ «የሞተር ሱሪ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የሚመጣለት ርካሹ ነው፤ አቅራቢውም ጥፋት የለበትም። ደረጃው፥ የመከታው ቍጥርና የዝናብ ሱሪው በዝርዝሩ ይጻፍ። ለሃያ ሠራተኛ አንድ ልክ መግዛትም ገንዘብን መጣል ነው፤ የሴት ሠራተኞች ልክ ለብቻው ይወሰድ፥ የወንዱ ሱሪ በዳሌያቸው ሲጠብ ከጉልበታቸው ይሰፋልና መከታው ይሸሻል።

ሱሪው ሲታጠብ መከታዎቹ አስቀድመው ይወጣሉ፤ የሚደርቁትም በጥላ ነው። በብርቱ ግጭት የተመታ መከታ ስንጥቅ ባይታይበትም እንደ ገና አይለበስም፤ ስለዚህ ሱሪው ሲገዛ በየልኩ ጥቂት ትርፍ የጉልበት መከታ አብሮ ተገዝቶ በንብረት ክፍሉ ይቀመጥ።