ክፉዋ እናት እኔ ነኝ እንዴ?

«ቲያትሩን ካየ ወዲህ እጮኛዬ በሙሉ ዓይኑ አያየኝም።»

ይህን ያጫወተችኝ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ናት። ሰው ፊት ቀና ብላ የማታወራ፣ ሲበዛ ዓይን አፋር ነች። ወረታ ከተማ በአንድ የወጣቶች ክበብ ድራማ ውስጥ የደረሳት ግን የ12 ዓመት ልጇን በግድ የምትድር እናት ሆና መጫወት ነው!

መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ጮኸች፤ ጓደኞቿ ሳቁባት። ኋላ ግን አንድ ነገር ገባት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ የገበሬው ቤት እንዴት እንደሚጨነቅ ታውቃለች። «ይቺ ሴት እኮ ክፉ ነኝ ብላ አታስብም። የፈራች እናት ናት፤ ልጇን ከችግር ያወጣች ይመስላታል» አለች። ከዚያ ወዲህ መጮኹ ቀረ። መድረክ ላይ ረጋ ብላ ስትናገር ሕዝቡ ፀጥ አለ፤ እንባቸውን የጠረጉ እናቶችም ነበሩ።

እጮኛዋ ግን «ውስጥሽ ባይኖር ከየት አመጣሽው?» አላት። ስለ ሠርጉም ማንሳት ተወ።

እስቲ ወንድሜ፣ ልጠይቅህ! ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ተቆጥቷል፤ ጉዱ ካሣን ሆኖ ተከራክሯል፤ በሰብለ ወንጌል አንደበትም ተናግሯል። ታዲያ ወጋየሁ የትኛው ነው? ሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪ ተዋናዮቹን ያስተምር የነበረው «እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። እጮኛህ የጠየቀችውም ይህንኑ ነው። የሌላውን ፍርሃት መረዳት ክፋት አይደለም።

ከተጠራጠርክ አንድ ቀን ልምምዳቸው ላይ ተገኝ። ቃሉ ሲጠፋባት፣ ስትሳሳት፣ በራሷ ስትስቅ እያት። ከዚያ ቡና እየጠጣችሁ በግልጽ ጠይቃት።

አንቺም እህቴ፣ ገጸ ባሕርይዋን ቤትሽ ድረስ ይዘሻት አትሂጂ። ከመድረክ ስትወርጂ ልብሷን አጥፈሽ አስቀምጪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ጓደኞችሽ በገዛ ስምሽ ይጥሩሽ። የሰፈር ልጆች በእሷ ስም ቢጠሩሽ ግን ሳቂና እለፊ፤ ሥራሽ ተሳክቶልሻል ማለት ነው።

ደግሞስ ያቺን እናት አለሳልሰሽ ብትጫወቺያት ኖሮ፣ እንባዋን እየጠረገች የወጣችው ሴትዮ ራሷን የት ታገኘው ነበር?