«ሄቪ»፣ «ፈርታይል»፣ «ስተራይል»፦ ሐኪም ቤት ውስጥ ምን ማለት ናቸው?

እህቴ፣ በአረብ አገር ክሊኒክ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከአንድ አገር፣ ነርሷ ከሌላ አገር ይመጣሉ። እርስ በርስ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። አንቺ በተማርሻት አረብኛ ትሞክሪያለሽ፤ መሃል ላይ ማዳም ቆማ ትተረጉማለች። ስለ ወር አበባና ስለ መውለድ ሲወራ አንድ ቃል ከተሳተ ሕክምናውም ሊሳሳት ይችላል። የሚከተሉትን ቃላት ለይተሽ ያዣቸው።

«ብዙ ደም ይፈሰኛል» ብቻ አይበቃም

የእኛ «ብዙ» በእንግሊዝኛ ተከፋፍሎ ይነገራል።

• ሄቪ፦ መጠኑ ሲበዛ። ሞዴስ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሲሞላ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ሲወርድ።
• ፕሮሎንግድ፦ ቀኑ ሲረዝም። ከ7 ቀን በላይ ሲቆይ።
• ፍሪኩዌንት፦ ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ። 21 ቀን ሳይሞላው እንደገና ሲመጣ።
• ስፖቲንግ፦ ጠብ ጠብ የሚል ጥቂት ደም።

ቃሉ ከጠፋሽ ቁጥር ተናገሪ፦ በቀን ስንት ሞዴስ፣ ስንት ቀን፣ መቼ ጀመረ። በጣትሽም ማሳየት ትችያለሽ። ሞዴሱ በየሰዓቱ እየሞላ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ግን ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብሽ።

ፈርታይል ማለት እርጉዝ ማለት አይደለም

እኛ «ለም» የምንለው መሬትን ነው። እንግሊዝኛው ግን መሬትንም ሴትንም ፈርታይል ይላል፤ የአረብኛው «ኹሱባ»ም ለሁለቱም ይሠራል። ሴት ፈርታይል ናት ማለት ማርገዝ ትችላለች ማለት ነው። ያረገዘችው ፕሬግናንት ናት፤ በአረብኛ «ሃሚል»። ስለዚህ «ሃሚል?» ብለው ሲጠይቁሽ ሳይገባሽ ለትሕትና ብለሽ ራስሽን አትነቅንቂ። በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ በሚደረገው ምርመራ እርግዝናም ይታያል፤ መልስሽ ሥራሽን ሊነካ ይችላል።

«ፈርታይል ዴይስ» ካሉሽ ደግሞ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸው ቀናት ማለታቸው ነው፤ በአንድ ዑደት ውስጥ ወደ 6 ቀን ገደማ።

ኢንፈርታይል እና ስተራይል

«መካን» የሚለው ቃላችን የመጨረሻ ፍርድ ይመስላል። ሐኪም ኢንፈርቲሊቲ የሚለው ግን ጥንዶች ያለ መከላከያ ለ12 ወር ሞክረው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ችግሩ ከወንዱም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሕክምና አለው። ሰብፈርታይል ከተባለ ደግሞ ዕድሉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ከአገር ስትወጪ የሦስት ወር መርፌ ተወግተሽ ወር አበባሽ ቢጠፋ «መካን ሆንኩ» ብለሽ አትጨነቂ። መርፌው የሚያመጣው የታወቀ ለውጥ ነው። ካቆምሽው በኋላ የማርገዝ አቅም እስኪመለስ 10 ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ስተራይል ሁለት ፊት አለው። ፋሻ ላይ ከተጻፈ ከጀርም የጸዳ ማለት ነው። ለሰው ከተባለ ግን መውለድ የማይችል ማለት ነው። የቀዶ ጥገና ፎርም ላይ «ስተሪላይዜሽን» ወይም «ቱባል ላይጌሽን» የሚል ካለ ለዘለቄታው እንዳትወልጂ የማኅፀን ቱቦሽን መዝጋት ማለት ነው። ይህን ማንም፣ ማዳምም ቢሆን፣ በአንቺ ቦታ ሊወስንልሽ አይገባም።

ፕሮዳክቲቭስ?

በተለምዶ ፍሬያማ፣ ብዙ የሚያመርት ማለት ነው። ሐኪም «ፕሮዳክቲቭ ኮፍ» ሲል ግን አክታ ያለው ሳል ማለቱ ነው። ስለ መውለድ የተጠየቅሽ መስሎሽ አትደንግጪ።

ሳይገባሽ አትፈርሚ

• «ማ ፈሂምት» (አልገባኝም) በዪ፤ ደግመሽም ብትጠይቂ ነውር አይደለም።
• አስተርጓሚ ጠይቂ። ከሌለ አማርኛና አረብኛ የምታውቅ፣ የምታምኛት ጓደኛሽን በስልክ አስገቢ።
• ሐኪሙን ብቻሽን ማነጋገር ከፈለግሽ ማዳም ውጭ እንድትጠብቅ ነርሷን ለምኚ።
• የሰጡሽን ወረቀት ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

ገላው ያንቺ ነው፤ ስለ እሱ የሚባለውን ማወቅም መብትሽ ነው።