ከግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን

ገና ያልተሠራ ሳሎን በኮምፒውተር ምስል ሲታይ ብዙ ጊዜ ዋሻ ይመስላል። ፀሐይ በመስኮቱ ብትገባም ጥጋጥጉ ይጨልማል። ጀማሪ ባለሙያ ታዲያ መብራት በመብራት ላይ ይደርባል፤ ክፍሉ ይነጣል እንጂ አይፈካም።

በ1984 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለው ምስል የሚጎድለውን በአንዲት ባዶ ሳጥን አሳዩ፤ የባለቀለም ግድግዳዎቿ ነጸብራቅ ነጩን ገጽ ሳይቀር አቀለመው። ብርሃን ባረፈበት አይቀርማ! ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከደረሰው 80 በመቶ ገደማውን መልሶ ይረጫል፤ ጥጉን የሚያበራውም ይኸው ተመላሽ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ አስቀድሞ የሰማዩን ብርሃን በመስኮት ያስገባል፣ ነጸብራቁ ደጋግሞ እንዲነጥር ያደርጋል፣ ከዚያ እንደ ፎቶ አንሺ የካሜራውን ብርሃን አቀባበል ያስተካክላል። አምፖል የመጨረሻው ነው።

ቤት የሚያሠሩ አንባቢዎችም ምስሉ ሲቀርብላቸው ፀሐይዋ በየትኛው አቅጣጫና በስንት ሰዓት እንደገባች ይጠይቁ።